የናራንሃል ውሃ ቀጂ

ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ

ይሄ ከስምንተኛ ክፍል ስወጣ የተረፈኝ የሂሳብ ደብተር ነው። ሦስት ገጽ ሂሳብ አለበት፤ ሦስቱም ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ተጨፍጭፏል። የቀረው ባዶ ስለሆነ የራሴን ታሪክ እጽፍበታለሁ። ዝነኛ ስሆን ፈልገው እንዳያጡት።

ወሬው እንዲህ ነው። በኖቬምበር የመጣው አውሎ ነፋስ የጤና ጣቢያችንን ጣሪያ ገሽልጦ ወንዙ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ የሚተኛው ሸራ ስር ነው። ሲዘንብ ነርሷ ሊሳንድራ ባልዲ ይዛ ስትዞር ታድራለች። እናም ሦስት ክለቦች ለጣሪያው ሊጫወቱ ተስማሙ፦ እኛ ናራንሃሎች ከፓራጓይ፣ ከወንዙ ማዶ ላ ባልሳ ከአርጀንቲና፣ ፒንየራል ደግሞ ከብራዚል። ጨዋታው ሁሉ እዚሁ እኛ ሜዳ ነው፤ የመግቢያው ገቢ ለጣሪያ።

አሰልጣኛችን ዶን ሲንፎሪያኖ በአዘቦት ቀን ጡብ ያቃጥላል፣ እሁድ እሁድ እኛን ያቃጥላል። ለእኔ 14 ቁጥር ማልያ ወረወረልኝ።

«14 የት ነው የሚጫወተው?» አልኩት።

«አግዳሚ ወንበር ላይ። አምና የዳኛው ቦርሳ ውስጥ እንቁራሪት የከተተው ማነው?»

«እንቁራሪቱን ይጠይቁት።»

«ዴርሊስ፣ አንተና ቁም ነገር ተጣልታችኋል። አክስትህ ለሦስቱም ቡድን የተረሬ ቅጠል በነፃ እችላለሁ ብላለች። አንተ ትቀዳለህ። አለቀ።»

ተረሬ በቀንድ ዋንጫ ተቀድቶ በብረት መምጠጫ የሚመጠጥ፣ የቅጠል ቀዝቃዛ መጠጣችን ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ፖርፊ ናት። እናቴ ቦነስ አይረስ ሰው ቤት ትሰራለች። አክስቴ ገበያው ውስጥ የቅጠል መደብ አላት፤ የጨጓራው፣ የራስ ምታቱ፣ የፍቅሩ፣ ሁሉም በየጣሳው። የምንበላው ከዚያች መደብ ነው። ቅጠሉን ጠዋት ጠዋት የምወቅጠው እኔ ነኝ። ሰፈሩ የሚነቃው በእኔ ዘነዘና ነው፤ ደስ ሲለኝ የዘፈን ምት አስገባበታለሁ፣ ጎረቤት ይሳደባል።

ጃንዋሪ 11

አክስቴ ዛሬ የመቅዳት ደንብ አስተማረችኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ! እንደ ቁርባን ተማሪ አስቀምጣኝ።

«የመጀመሪያው ቀንድ የማን ነው?»

«የቅዱስ ቶማስ።»

«አትንካው፤ ደረቁ ቅጠል ይምጠጠው። ሁለተኛውስ?»

«የቀጂው።»

«ለምን?»

«መራራው እንዲወጣለት።»

«አይደለም፣ ደደብ። ቀጂው ሳይጠጣ ያቀረበውን ማን አምኖ ይጠጣል? ከዚያ በየተራ ነው። ቀንዱን መልሶ ዝም ያለ ገና ጠምቶታል፣ ሙላለት። አመሰግናለሁ ያለ በቃው፣ እለፈው። ሁሉም ሳያመሰግን ደግሞ ቀጂ አይነሳም። ቤቱ ቢቃጠልም አይነሳም።»

«የኛ ቤት ነው የጎረቤት?»

በእርጥብ ጨርቅ ገረፈችኝ። ሳቀች ግን።

ጃንዋሪ 12፣ እሁድ

ከፒንየራል ጋር 2 ለ 2። አልገባሁም። የብራዚሎቹን አሥራ አንድ የግራ ጫማ በአንድ ክር አሰርኩ። በእረፍት ሰዓት ማይክሮፎኑን ነጥቄ «ዶን ሲንፎሪያኖ፣ ጡብ ቤትዎ እየተቃጠለ ነው» አልኩ። ሰውዬው እስከ አውራ ጎዳና ሮጠ። ጡብ ቤት ካልተቃጠለ ምን ሊሰራ ነው? ሜዳው በሳቅ ሞተ።

ጃንዋሪ 19፣ እሁድ

ላ ባልሳ ፒንየራልን አሸነፈ። በረኛቸው ኡሊሰስ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ራሰ በራ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ኳስ ይይዛል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ «አንተ ጋጋሪ፣ ዳቦው እንዳያርርብህ! ሽታው መጣ!» ስለው ዋልኩ። ዞር ብሎ አላየኝም።

ከጨዋታው በኋላ የተረሬው ክብ ውስጥ ተቀምጦ ቀንዱን ስሰጠው ማልያዬን አየ። አዲስ ነበር፤ የሱቁ የዋጋ ወረቀት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አላየሁትም ነበር።

«14 ቁጥር» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም እስኪሰማ። «ይሄን ማልያ ለመመለስ አስበህ ነው እንዴ ወረቀቱን የተውከው? አይዞህ፣ ላብ አልነካውም፣ ይቀበሉሃል።»

ሦስት አገር ሳቀብኝ። የአርጀንቲናው ይሳቅ። የብራዚሉም ይሳቅ። አክስቴ ግን መደገፊያ ይዛ ነው የሳቀችው፤ እንባዋን በሽርጧ ጠረገች።

ጃንዋሪ 23

ባለወረቀቱ። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይለኛል፣ የቺፓ ዳቦ ሻጯ ሳትቀር። «ባለወረቀቱ፣ ትኩስ ላድርግልህ?»

ጃንዋሪ 30

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ብቻዬን እየሳቅሁ ነው። አክስቴ መደብ ላይ ሰማያዊ ጣሳ ውስጥ ያለው የሆድ ማጠቢያ ቅጠል። አንድ ቁንጥር ብቻ። ላ ባልሳዎች በሁለተኛው አጋማሽ በተራ ወደ ቁጥቋጦ ሲሮጡ ማየት ነው። ማንም አይጎዳም። እኔ ራሴ ሕፃን ሳለሁ ስንቴ ጠጥቼዋለሁ።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሁድ

ሆነ። አሁን መጻፍ አልቻልኩም። በኋላ።

እዚያው ቀን፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እጽፋለሁ።

ሙቀቱ አርባ አንድ ዲግሪ ነበር። ላ ባልሳዎች ከጨዋታው በፊት ሜዳው ዳር ማንጎው ዛፍ ስር ክብ ሰሩ። ሁለት ጆግ ነበረኝ፤ የኛና የነሱ። በነሱ ጆግ ውስጥ አንድ እፍኝ ጨምሬያለሁ። የቅዱስ ቶማስን ቀዳሁ። ቀጥሎ የኔ ተራ ነው፤ የብረቱን መምጠጫ ከንፈሬ ላይ አድርጌ ጉንጬን አጎደጎድኩ። አልሳብኩም።

አንደኛው ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «አመሰግናለሁ።» ሁለተኛው «አመሰግናለሁ።» ሦስተኛው «ዛሬስ መረረ!» ብሎ አመሰገነ። ሁሉም አንድ አንድ እየቀመሱ ወጡ። ኡሊሰስ ብቻ ቀንዱን መለሰልኝና ዝም አለ።

ሞላሁለት። መለሰ፤ ዝም። ሞላሁለት።

«አንተ ሰውዬ፣ አይመርህም?» አለው ጓደኛው።

«ሴትየዋ ለበሽተኛ ብላ በነፃ የሰጠችውን እኔ ሜዳ ላይ ላስደፋ? ሙላ፣ ባለወረቀቱ።»

ሞላሁ። ደንቡ ነው። ሳያመሰግን ቀጂ አይነሳም። ደንቡን ነው ያከበርኩት። ጆጉ እስኪደርቅ ድረስ ሞላሁለት።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለቱ ወደ ቁጥቋጦ ሮጡ። ተመልካቹ አበደ፤ እኔም ሆዴን ይዤ ተንከባለልኩ። ኡሊሰስ በእረፍት ሰዓት ሄደ፣ ቆየ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። ሌላ በረኛ ስላላመጡ ገባ። እንደገና ሮጠ፣ እንደገና ተመለሰ። ከዚያ አስመለሰው፣ ቋሚውን ይዞ ተንበረከከ። እኛ ጎላችንን ያገባነው ያን ጊዜ ነው። እኔ «ዳቦው አረረ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ብቻውን ነበር የሚሰማው። 

አልጋ ስላልነበር በር ነቅለን ተሸከምነው። ጤና ጣቢያ፣ ሸራው ስር፣ ፀሐይ። ሊሳንድራ ክንዱ ላይ ደም ስር አጣች። «ምንድን ነው የጠጣው?» ብላ ጮኸች። አንድ ሰው «የዶኛ ፖርፊን ቅጠል» አለ። ማዶ ወዳለው ሆስፒታል በጀልባ ሊያሻግሩት ሲሉ በሩን የተሸከምኩት በጭንቅላቱ በኩል ነበር። አንጓዬን ያዘኝ።

«ልጄ፣ ውሃ። ከሴትየዋ ውሃ።»

አንድ እፍኝ ነው። አንድ እፍኝ ሰው አይገድልም።

ፌብሩዋሪ 3፣ የሳን ብላስ በዓል

ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለኡሊሰስ ጸለዩ። ሳን ብላስ ጉሮሮ ነው የሚጠብቀው፤ ከዚያ በታች ያለው የሱ ስራ አይደለም ልል ነበር። አጠገቤ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ኩላሊቱ ስራ አቁሟል አሉ።

ፌብሩዋሪ 5

አክስቴ ሰማያዊውን ጣሳ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣችው።

«ለምን?»

«አይጥ በዝቷል።»

አይጥ ያንን ቅጠል አይነካም። እሷ ናት ይህን ያስተማረችኝ።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጡና መደቧ ላይ ወረቀት ለጠፉ። ተዘግቷል። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ከላ ባልሳም አንድ ሰው ነበር። «የኛን ብቻ ነው የመረዙት፣ የነሱ ጆግ ደህና ነበር» እያለ ይጮሃል። አክስቴ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አይኔ ደክሟል። ጣሳ ተሳሳትኩ።»

«ዶኛ ፖርፊ፣ አንቱ ይሳሳታሉ ብሎ ማን ያምናል?» አላት የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፤ ለሪህ ቅጠል ከሷ ሲገዛ ነው የኖረው።

«እመኑ። አርጅቻለሁ።»

እኔ ከኋላዋ ሙቀጫውን ተሸክሜ ቆሜ ነበር። ሙቀጫው ከባድ ነው። አላየችኝም። ምናልባት እውነትም ተሳስታ ይሆናል። እኔም አድርጌ እሷም ተሳስታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሰው በአንድ ቀን አይሳሳትም ያለው ማነው?

ፌብሩዋሪ 9

ዘነዘና የለም። ሰፈሩ አርፍዶ ተነሳ። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብሎ «ምነው ዛሬ ጸጥ አላችሁ?» አለኝ። ሲሰድበኝ የኖረው እሱ ነው።

ፌብሩዋሪ 11

እናቴ ደወለች። «ፖርፊ ሰው መረዘች የሚባለው እውነት ነው? እዚህ የኛ አገር ሴቶች ሁሉ ያወራሉ።»

«ስህተት ነው» አልኳት።

«የማን?»

መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ፌብሩዋሪ 14

አክስቴ አሁን የሰው ልብስ ትጠግናለች። ዛሬ በረንዳው ላይ፣ ያለ መነጽር፣ በመጀመሪያው ሙከራ ክሩን መርፌ ውስጥ አስገባች።

ይህንን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 18

ዝናብ። አክስቴን ለደም ግፊቷ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ሸራው ሆዱን ነፍቶ ያንጠባጥባል። አግዳሚው ላይ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ስትቀመጥ ሁለቱ ተነሱ። አንደኛዋ ድሮ ለልጇ ትውከት ሌሊት በር የምታንኳኳብን ናት።

ሊሳንድራ ግፊቷን ለካች። ከዚያ «ዶኛ ፖርፊ፣ ምን ያብሰለስልዎታል?» አለቻት።

«የምጠብቀው ነገር አለ።»

«ምን?»

«ይመጣል።»

ባልዲውን ይዤ ወጣሁ፤ ሞልቶ ነበር። ማለቴ ግማሽ ነበር።

ፌብሩዋሪ 20

ኡሊሰስ ከሆስፒታል ወጣ! ወጣ! ኩላሊቱ ተመልሷል! አክስቴን አቅፌ አሽከረከርኳት። «በቃ አለቀ!» አልኳት።

«ምኑ?» አለች።

ፌብሩዋሪ 23፣ እሁድ

ማዶ ተሻገርኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሚስቱ ወጣች።

«ምን ልስጥህ?»

«ዳቦ።»

«ዳቦ የለም፣ የኔ ልጅ። ጋጋሪው ቆሞ መስራት አልቻለም።» ከዚያ ማልያዬን አየች። «ከናራንሃል ነህ? እንደው ያቺን ሴትዮ በእግዚአብሔር ንገራት። ባለቤቴ አልተቀየማትም። ማንም ይሳሳታል ይላል።»

እሺ እላታለሁ አልኩ። አላልኳትም። ይኸው ሦስት ሰዓት ሆነኝ ከመጣሁ፤ አክስቴ ከጎን ያለው ክፍል ናት፣ ስፌት ማሽኑ ይሰማኛል።

ሁለት እፍኝ ነበር። ሁለት። የመጀመሪያው ያነሰ መስሎኝ ነው።

ማርች 2

ዶን ሲንፎሪያኖ ሰበሰበን። የላ ባልሳው ጨዋታ ተሰርዟል፣ ማርች ዘጠኝ ይደገማል። «የፋብሪካ ውሃ ብቻ። ቅጠል የሚባል ነገር ሜዳ እንዳይገባ። አንተም ዴርሊስ፣ ቀጂነቱ ቀርቶልሃል፤ ልምምድ ጥሩ እየሰራህ ነው፣ ምናልባት አስገባህ ይሆናል።»

እውነት ነው፣ ጥሩ እየሰራሁ ነው። ስሮጥ ስሮጥ አላስብም።

ማርች 9፣ እሁድ

አልጽፍም።

ማርች 10፣ ሰኞ

እሺ።

ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። አክስቴ መጣች። እንዳትመጣ ለምኛት ነበር። ጆጓን፣ ቀንዱን፣ ናና ብቻ ያለበትን ውሃ ይዛ ማንጎው ስር ብቻዋን ተቀመጠች። ሰው ከሷ ሰፊ ቦታ ትቶ ቆመ። አንድ የኛ ሰፈር ጎረምሳ «ሽንት ቤት የት ነው? ከወዲሁ ልወቅ!» አለ፤ ሳቁ። ቀልዱ የኔ ዓይነት ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ነበርኩ የምለው።

ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ ኡሊሰስ መጣ፣ በከዘራ። ሆዱ የለም። ሱሪው በገመድ ታስሯል። ሁሉም ሊቀበለው ሲነሳ ሜዳውን በዳር ዞሮ ማንጎው ስር ሄዶ አክስቴ አጠገብ ቁጭ አለ።

«ዶኛ ፖርፊ፣ ጠምቶኛል።»

አክስቴ ጆጉን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ፊት ለፊት አይታኝ አታውቅም።

«ዴርሊስ፣ ና ቅዳ።»

ከአግዳሚው ተነስቼ ሄድኩ። የቅዱስ ቶማስን ቀዳሁ። የራሴን ቀዳሁና ጠጣሁ፤ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ለኡሊሰስ። መጠጠ፣ ቀንዱን መለሰ፣ ዝም አለ። ሞላሁ። መለሰ፣ ዝም።

ያኔ ከወንበሩ በኩል ጩኸት መጣ። «ዴርሊስ! አሟሙቅ! ትገባለህ!» ዶን ሲንፎሪያኖ ነው። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል፣ ባዶ ለባዶ ነን፣ የክንፍ ተጫዋቻችን አንክሷል። «ዴርሊስ! ደንቆሮ ነህ? ና!»

ቀንዱ እጄ ላይ ነበር።

«ሂድ» አለኝ ኡሊሰስ። «ማልያህን ላብ ይንካው።»

«አላመሰገኑም እኮ» አልኩት።

«አልበቃኝም።»

«እንግዲያው አልነሳም።»

ሞላሁለት። አክስቴ መሬቱን ታያለች። ዶን ሲንፎሪያኖ ሌላ ልጅ አስገባ። ሞላሁለት። ከዚያ አፌ በራሱ «እኔ ነኝ» አለ። «እርስዎ ሳቁብኝና... እኔ ነኝ የጨመርኩት። እሷ አልተሳሳተችም።»

ኡሊሰስ ቀንዱን ከአፉ አወረደ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሆዴ የኔ ነው፣ ድኗል» አለ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለነዚያ ንገር።» በከዘራው ሰዉን አሳየኝ። ከዚያ ቀንዱን መለሰልኝ። «አመሰግናለሁ።»

ተነሳሁ። ማይክሮፎኑ ጋ ደረስኩ። የያዘው ሰውዬ «ደግሞ ምን ልትቀልድ ነው?» ብሎ እየሳቀ ሰጠኝ።

«ናራንሃሎች፣ ላ ባልሳዎች» አልኩ። «ኡሊሰስን የመረዝኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ። ሜዳው በሙሉ። አንዱ «ጡብ ቤቱስ እየተቃጠለ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«የሆድ ማጠቢያውን ቅጠል እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ሁለት እፍኝ፣ አክስቴ አታውቅም» አልኩ። የበለጠ ሳቁ። ድምፄ ሲሰበር እንኳ እያስመሰልኩ መሰላቸው፤ አጨበጨቡ። እውነት ነው ብዬ ልምልበት የምችለው መሐላ ሁሉ ከዚህ በፊት የቀለድኩበት ነበር። የቀረኝ አንድም አልነበረም።

ያን ጊዜ አክስቴ ማንጎው ስር ተነሳች።  ሽርጧን አንስታ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ሳቁ ከሷ አጠገብ ጀምሮ እየጠፋ መጣ፣ እስከ ጎሉ ድረስ።

ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።

ማርች 13

ማልያውን አስረከብኩ። ዶን ሲንፎሪያኖ አንገቱ ላይ ያለውን ወረቀት አይቶ ማልያውን አጠፈው። እስከዛሬ አልቆረጥኩትም ነበር። ከላ ባልሳ ሁለቱ ሊደበድቡኝ መጥተው ነበር፤ አንዱ ደበደበኝ። ግራ አይኔ አብጦ አያይም፤ በቀኝ ነው የምጽፈው።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። የመደቡ ወረቀት ተነሳ። ከነገ ጀምሮ የጣሪያ ቆርቆሮ አቀባይ ነኝ፤ ጣሪያው እስኪያልቅ፣ ያለ ክፍያ። ሊሳንድራ «ከላይ ሆነህ ቀልድ እንዳትወረውር» አለችኝ። አልወረውርም አልኳት። አሳዘንኳት መሰለኝ።

አክስቴን ማታ ጠየቅኳት። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ጆጉን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች። መርፌዋን ቀጠለች።

ማርች 17፣ ሰኞ

መደቡ ተከፈተ። ጠዋት ሦስት ሰው መጣ፤ ጎረቤታችን የመጀመሪያው ነው። የማዘጋጃ ቤቱም ሰው ለሪሁ መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ። ያቺ ከአግዳሚው የተነሳችው ሴት ግን እስካሁን አልመጣችም።

አክስቴ ሙቀጫውን ከጥግ ጎትታ ወደኔ ገፋችው። «ውቀጥ።»

ወቀጥኩ። ምት አላስገባሁበትም። ናና፣ ደረቅ ሎሚ ሣር፣ የምናውቀው ሁሉ። ስጨርስ የወቀጥኩትን በጣሳ አነሳች። ወደ ጆጉ ከመገልበጧ በፊት ግን አፍንጫዋ ድረስ አቀረበችው፣ አይኗን ጨፍና አሸተተች። ቀጣዩንም አሸተተች። ከዚያ በኋላ የመጣውንም።

ድሮ አታሸትም ነበር።